ከፍሬዳ የተወለዱት ሰባቱ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሬምኮ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ በግ ልትሸልት ባጎነበስክ ቁጥር አሁንም ትጮኻለህ? ባለቤትህ ሬናተስ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? ሣራችሁ ዝናብ አገኘ? እኔ ደህና ነኝ። የተቀየረው ዳሌዬ ከአሮጌው ይሻላል፤ በብስክሌት እስከ ገበያው ደርሼ እመለሳለሁ። ነፋሱ ግን እንደምታውቀው ነው፣ ስሄድም ፊቴን ይመታኛል፣ ስመለስም ፊቴን ይመታኛል።

እባብ ማሳደግ በሕግ በተከለከለበት አገር ለሚኖር ሰው የእባብ ወሬ ብቻ የምትጽፍ እኅት መስጠቱ የእግዜር ቀልድ ነው። ዛሬ ግን ታገሠኝ፣ ጉዳዩ የእባብ ብቻ አይደለም። የሲብራንድ ጉዳይ ነው፤ ያ አብሮህ የተማረው፣ በረዶው ተሰብሮ ቦይ ውስጥ ስትገባ በደረቱ ተኝቶ ጎትቶ ያወጣህ ሲብራንድ።

ሐርመን የተወልኝን ቦዋ የሚባሉ ትንንሽ እባቦች ታስታውሳቸዋለህ። የዘንዶ ወገን ናቸው ይባላል እንጂ ርዝመታቸው ከክንዴ ብዙም አይበልጥም፤ መርዝም የላቸውም፣ እንቁላል ሳይጥሉም ልጅ ይወልዳሉ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሌላ ሳይደባልቅ ያረባው ዘር ነው። የመጨረሻዎቹ የተወለዱት እሱ በተቀበረበት ሳምንት ነበር። ሌሎቹን ለእባብ አርቢዎች ማኅበራችን ሰዎች አከፋፍዬ ሁለቱን፣ ፍሬዳንና ትሩስን፣ ለራሴ አስቀረሁ። ሁለቱም ሴቶች ስለሆኑ በአንድ ሳጥን አኖርኳቸው፤ የለየኋቸውም እኔው ነኝ። በዚህ አውራጃ እባቡ ወንድ ይሁን ሴት ማወቅ የሚፈልግ ሁሉ በካርቶን ይዞት እኔ ዘንድ ይመጣል። ገልብጬ፣ ከጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ያሉትን ጥፍር የሚመስሉ ሾኮች አይቼ፣ በጣቴ ዳስሼ እናገራለሁ። ወንዱ ላይ ጎላ ብለው ይታያሉ፣ ሴቷ ላይ ግን የሉም ማለት ይቻላል። በቃሌ ላይ ይግባኝ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ያከፋፈልኳቸው ሁሉ ስለሞቱ፣ እንግዲህ ወንድ ከሌለ ዘሩ በእኔ እጅ አለቀ ማለት ነው። ሲብራንድ ብርቱካንማ መስመር ያለው ግሩም ወንድ ነበረው፣ «ላውስሽ፤ ከሚቋረጥ ቢደባለቅ አይሻልም?» እያለ ሦስት ዓመት ነዘነዘኝ። እኔም «የሐርመን ዘር አይከለስም» ብዬ አፉን አስያዝኩት። በኤፕሪል ለቀዶ ሕክምና ስሄድ ግን የቤቴን ቁልፍ የሰጠሁት ለእሱው ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ አበላልኝ፣ አጠጣልኝ፣ ሳጥኑን አጸዳልኝ።

በኦገስት መጨረሻ አንድ ጠዋት የሳጥኑን ክዳን ባነሳ ፍሬዳ ሰባት ልጆች ወልዳ ተጠቅልላለች። ሰባት! ሬምኮ፣ ደስ ያለኝ እንዳይመስልህ፤ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። ወንድ በሌለበት ቤት ልጅ ከየት መጣ? ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍም የለ፣ ምግብም የለ፤ ሥራዬ መጠርጠር ብቻ ሆነ። ከሆስፒታል ስመለስ የሳጥኑ መቆለፊያ በተቃራኒ በኩል ተዘግቶ ማግኘቴ ትዝ አለኝ። የውሃ ሳህኑም ከቀኝ ወደ ግራ ሄዶ ነበር። ሲብራንድ ያን ሰሞን ለምን ስኳር ዳቦ ይዞልኝ መጣ? ለምን ደጋግሞ «ፍሬዳ ወፈረችልሽ አይደል?» አለኝ? ሕፃናቱን አንድ በአንድ መስኮት ሥር ወስጄ በማጉያ መነጽር አየኋቸው፤ በሦስተኛው ቀን በአንዷ ጎን ላይ ብርቱካንማ ነገር አገኘሁ። ዛሬ ሳያት ቡናማ ናት፤ ያኔ ግን ብርቱካን ነበረች፤ እምልልህ ነበር። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ፤ እኔ ስንጥሩን ፍለጋ ገንፎውን ሁሉ አፈሰስኩት።

ሲብራንድን ጠርቼ ጠየቅሁት። ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ሕፃናቱን አያቸውና ሳቀ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ግሪትዬ! ዘሩ ተረፈ እኮ» አለኝ። «ወንድህን አስገብተሃል?» አልኩት። ሳቁ ጠፋ። «እኔ አላስገባሁም። ትሩስን ገልብጠሽ እያት» አለኝ። ይህን ሲለኝ ደሜ ፈላ። ሃያ ዓመት ጾታ ስለይ የኖርኩትን ሴትዮ ሊያስተምረኝ! ጥፋቱን ይዞ በእኔ እጅ ላይ ሊያላክክ! «ውጣልኝ» አልኩት። ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ትሩስን አልገለበጥኳትም፤ ገልብጬ ማየቱ ራሱ እሱን ማመን መሰለኝ።

ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወንድ ማስገባት በእኛ ማኅበር ከስርቆት ይብሳል። የተሰረቀ እባብ ይመለሳል፣ የተበላሸ ዘር ግን አይመለስም። በሴፕቴምበር ስብሰባ ላይ፣ በበረዶ ተንሸራታቾቹ አዳራሽ፣ ሠላሳ ሰው ፊት ቆሜ ስሙን ጠራሁ። መቆለፊያውን፣ ሳህኑን፣ ብርቱካኑን ሁሉ ዘረዘርኩ። ሊቀ መንበሩ «ሲብራንድ፣ ምን ትላለህ?» አለው። እሱ ወለሉን እያየ «የምለው የለኝም» አለ። ከኋላ አንዱ «እንግዲህ ቁልፍ የያዘ ሁሉ ሙሽራ ነው!» ብሎ ተሳለቀ፤ ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ዕለት ከማኅበሩ ሰረዙት። ንጹሕ ቢሆን ዝም ይል ነበር? ብዬ ወደ ቤቴ ስመለስ የልቤ ደርሶ ነበር።

በኦክቶበር ትሩስ ቆዳዋን ጣለች። እንደ ልማዴ ልጥለው አንስቼ፣ መቀደድ አለመቀደዱን ለማየት ወደ መስኮቱ ዘረጋሁት። በጅራቱ በኩል፣ ግራና ቀኝ፣ የሁለት ሾኮች ሽፋን። ጎላ ያሉ፣ የተቆለመሙ። መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገርህ፤ አንድ ሰው ገብቶ ቆዳውን ለውጦብኛል አልኩ! ቀጥዬ እባቡ ራሱ ተለውጦብኛል አልኩ። በመጨረሻ የምጠረጥረው ሰው ሲያልቅብኝ ትሩስን አውጥቼ ገለበጥኩ። ወንድ ነው። ጀማሪ እንኳ የማይስተው ወንድ። ለካ በቀብሩ ሳምንት፣ ዓይኔ በዕንባ ተሞልቶ የዳሰስኩትን ሴት ብዬ ጽፌ፣ ከዚያ ወዲያ የጻፍኩትን እንጂ እባቡን አላየሁም። ወንድምና እኅት መሆናቸውን ስታነብ ፊትህን እንደምታጨማድድ አውቃለሁ፤ በእባብ ዘንድ ሰርግም ዝምድናም የለም። ዘሩ የሐርመን ነው፣ ከሌላ ጠብታ አልገባበትም።

በዚያው ዕለት ሲብራንድ ቤት ሄድኩ። የእባቦቹ ክፍል ባዶ ነው። ሳጥኖቹን ሁሉ አጥቦ፣ ደፍቶ ደርድሯቸዋል። ማንም ሊያውሰውም ሊዋሰውም ስላልፈለገ እንስሶቹን ለአንድ የግሮኒንገን ሰው ሰጥቷቸዋል፤ ብርቱካንማውንም ጭምር። «ትሩስ ወንድ ነው» አልኩት። «አውቃለሁ። በኤፕሪል ላበላቸው ስገባ ሲገናኙ አይቻለሁ፤ ራስሽ አይተሽ ትደሰቺ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ» አለኝ። «ታዲያ በሰው ፊት ለምን አልተናገርክም?» ብዬ ጮኽኩበት፤ አየህ፣ እዚያም ሄጄ የምጮኸው እኔ ነኝ። ሻዩን እያማሰለ «ብናገር ከዚያ ወዲያ እባቡን ይዞ አንቺ ዘንድ የሚመጣ ሰው ይኖር ነበር? ሐርመን ከሞተ ወዲህ ደጅሽን የሚያንኳኳ ሌላ ማን አለ?» አለኝ። ሬምኮ፣ አፈርኩ። እንዲህ ያለ ሐፍረት በስልሳ አንድ ዓመቴ የሚመጣብኝ አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴት ካፖርቷን ለብሳ ወጣች፤ እኔ የለየሁላትን እባብ ለመገልበጥ ወደ ቤቷ መሄዷ ነበር። የሲብራንድን ስም መልሰው ጻፉት፤ እሱ ግን አልመጣም።

ሰኞ ዕለት ከሰባቱ ቆንጆዋን በሳጥን ይዤ ሲብራንድ ደጅ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሞ ይቅርታ ስለምነው ሰማኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ግሪትዬ። እባቧን ግን ውሰጃት። እኔ ከእንግዲህ የሰው ዓይን የሚያርፍበት ነገር ቤቴ አላስገባም» አለኝ። ይቅርታውንም እባቧንም ይዤ ተመለስኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እውነት ነው። ይቅር ያለበትን ድምፅ እስከ ዛሬ እያገላበጥኩ እመረምራለሁ፤ ከልቡ ነው ወይስ በሩን ቶሎ ለመዝጋት?

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ጻፍለት። ስለ እኔ አትለምነው፣ ስሜንም አታንሳ። ስለ በጎችህ፣ ስለ በረዶው ቀን፣ የፈለግከውን ጻፍለት፤ ብቻ ደህና ነህ ወይ በለው። እኔ ብጠይቀው «ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ እንዲህ ማሰብን ያስተማርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ለሬናተ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችልኝ የሱፍ ካልሲ እግሬን አድኖታል በላት። ማሬይኬን ጉንጯን ሳምልኝ። ቲምን፣ አክስትህ የእባብ ቆዳ ልትልክልህ ነበር፣ ጉምሩኩ ግን ሁለታችንንም ያስረናል ብላለች በለው። ለሬናተ እናትም ጤና ይስጥልኝ።

ምንጊዜም የምትወድህ እኅትህ፣
ግሪትዬ

ቦልስዋርድ አጠገብ፣ ፍሪስላንድ
ኖቬምበር 14 ቀን 2018