ከማቅለሚያው የተረፉ ነጫጭ አይጦች

ለተከበሩ የምርምር ተቋሙ ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎና በእንክብካቤዎ ሥር ለሚኖሩት አይጦች ሁሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ነጫጮቹ ደኅና መሆናቸውን ሰምቼ እፎይ ብያለሁ።

እኔ በጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ሲሠራ ኖሮ በፊኛ ካንሰር የሞተው ሠራተኛ እኅት ነኝ። ታናሽ ወንድማችን ዛሬም በሟቹ ቦታ፣ በዚያው ገንዳ ላይ አጎንብሶ ጨርቅ ያገላብጣል። የምጽፍልዎ እሱ ከዚያ እንዲነሣልኝ ነው፤ ሌላ ፍላጎት የለኝም። ሳያመሰግኑ መለመን ግን ነውር ነውና በተራ ላመስግንዎ።

፩ኛ፦ ፋብሪካው ቀዩ ማቅለሚያ ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ሲጠይቅዎ፣ በጥቁሮቹ አይጦች ስለሞከሩት አመሰግናለሁ። የጥቁሮቹ ዘር እንዲህ ያለውን ኬሚካል ችሎ እንደሚኖር ቀደም ብለው ራስዎ አስተምረውናል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ብለው የሚያሙዎት ሰዎች፣ ኩበቱ እንዳይገኝ የሚፈለግበት ጊዜም እንዳለ አልገባቸውም።

፪ኛ፦ ነጫጮቹ አይጦች ያንኑ ማቅለሚያ ቀምሰው ዕጢ ሲያበቅሉ፣ ጥፋቱ የማቅለሚያው ሳይሆን የዘራቸው ነው ብለው ከሪፖርቱ ስላስወጧቸው ምስጋናዬ ይድረስዎ። ይህንኑ ጥበብ እኛም ቤት ድረስ ይዘውልን መጥተዋል። ሊያጽናኑን በመጡ ዕለት ለእናቴ የልጅዋ ደም ደካማ እንደነበር በትሕትና አስረዷት። እናቴ ከዚያ ወዲህ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ እያለች ታለቅሳለች። በቁስል ላይ እንጨት መስደድን እንደ እርስዎ የሚያውቅበት ሰው አላየሁም፤ ለዚህ ይቅር ልልዎ ሞክሬ አልቻልኩም።

፫ኛ፦ ከሁሉ የሚደንቀኝ ርኅራኄዎ ነው። የነጫጮቹ ዘር ማቅለሚያውን እንደማይችል በታወቀ ሳምንት፣ የተረፉትን አዲስ የአየር ማውጫ ወደተገጠመለት ክፍል አዛወሯቸው። ታናሽ ወንድሜን ግን፣ ፋብሪካው እንዲመረምሩት ሲልክልዎ፣ ከሟቹ ጋር አንድ ደም መሆኑን በራስዎ አፍ እየመሰከሩ፣ ለሥራ ብቁ ነው ብለው ወደ ገንዳው መለሱት። አይጥ ዘሩ ሲደክም ይዛወራል፤ ሰው ዘሩ ሲደክም ይወቀሳል። ወንድሜ መቼም ቀልድ አያልቅበትምና፣ ጅራት ባበቅል ያዛውሩኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብሎኛል።

እንግዲህ ጥያቄውን አድርሻለሁ። ፋብሪካው የሚሰማው የእርስዎን ቃል ነው፤ ለአይጥ «ይዛወር» ብለው የጻፉትን አንድ መስመር ለሰው ቢደግሙት እጅዎ አይዝልም።

ለሳይንስ ካለኝ ጥልቅ አክብሮትና ለእርስዎ ከሌለኝ ጋር፣
ደማቸው ደካማ ነው ከተባሉ ቤተሰብ የተወለድኩ፣
የሟች እኅት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ፈርሜ ሳልልከው ታናሽ ወንድሜ በሽንቱ ደም እንዳየ ነገረኝ፤ ሐኪሙም የሟች ወንድሙን በሽታ ስም ጠራለት። ስለዚህ ልመናዬን ትቼዋለሁ። ገንዳው ላይ ቦታው ክፍት ነው፤ የእርስዎ ቤት ደም ጠንካራ ነውና ልጅዎን ይላኩ።