ካውያው የጠጣው ውሃ

የካቲት 3

ሰው «በልቻለሁ» ሲል መቼ ነው የሚታመነው?

ሥራ የለኝም እንጂ ጥያቄስ ሞልቶኛል። ከተመረቅሁ ወዲህ ማመልከቻ ያላስገባሁበት የቀረ ቢኖር ቀብር አስፈጻሚዎች ቤት ብቻ ነው... እነሱስ የሥነ ምግብ ባለሙያ ምን ያደርግላቸዋል?

ለጊዜው አንድ ታካሚ አለኝ። አጎቴ። ልብስ ሰፊ ነው። ከሱቁ በላይ ባለው ቤት ከእሱና ከሚስቱ ከእትዬ ጋር ነው የምኖረው። ጨጓራውን በቀዶ ጥገና ካስቀነሰ አራት ወር ሆነው። ዱሮ በር ላይ ሲቆም ሱቁ የተዘጋ ይመስል ነበር። አሁን የቀረችለት ጨጓራ ሙዝ ታህላለች አሉ። በየሳምንቱ የራሱን ሱሪ ያጠባል። ለደንበኛ ሁሉ «ሐኪሟ ጎበዝ ናት፣ እኔ ብሆን ግን ስፌቱን በደበቅሁት ነበር» ይላል።

የኔ ሥራ፦ በትንሽ በትንሹ ማብላት፣ እንቁላልና እርጎ ማስቀደም፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ፉት ፉት ማስባል። ባንዴ ብርጭቆ ሙሉ መጨለጥ አይችልማ። ቀን ያልጠጣውን ማታ ላካክስ ቢል ቦታ የለውም።

ከነገ ወዲያ ጾም ይገባል። ነገ ላስጠነቅቀው ነው።


የካቲት 4

ስላይድ ሠራሁ። «ከጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ መጾም የሚያስከትላቸው አደጋዎች።» ላፕቶፑን የስፌት መኪናው ላይ አቁሜ ገለጻ ሰጠሁ። እትዬ ስላይድ ሦስት ላይ አንቀላፋች። አጎቴ ግን ዐይኑን ሳይነቅል ሰማኝ። የኩላሊቱ ሥዕል ጋ ስንደርስ «ይቺ ቀለም ለገበር ታምራለች» አለ። ሌላ አስተያየት አልነበረውም።

«ጋሼ፣ ገባህ?»

«ዶክተሬ፣ ሁሉም ገብቶኛል። አልጾምም። የሃይማኖት መምህሩም የታመመ አይጾምም ብለዋል።»

በቃ? እንዲህ ቀላል ነው? ደስታዬ ወሰን አጣ። ለጭራሮ ጻፍኩላት። (ጭራሮ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ በሬ በልታ ክር የምታህል። ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አግኝታለች።) መልሷ አንዲት መስመር፦ «ቶሎ እሺ የሚል ታካሚ ፍሪ።»

ቅናት ነው።


የካቲት 6

ጾሙ ትናንት ገባ። ፀሐይ እስክትጠልቅ እህል ውሃ የለም። እትዬ ትጾማለች። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ምላጭም ይጾማል፣ መጾሙንም ለሰፈሩ ያሳውቃል። (ምላጭ የተባለው በመሣሪያው ሳይሆን በምላሱ ነው።) እኔ አልጾምም። ጠዋት ካልቀመስኩ ከግድግዳ ጋር እጣላለሁ።

ለአጎቴ ጠዋት እንቁላል፣ ረፋድ ላይ ሌላ እንቁላል፣ ውሃው በጠርሙስ። ጠርሙሱ ባዶውን ይመለሳል። እንቁላሉም የለም። ቅርፊቱም የለም... ንጹሕ ሰው ነው።


የካቲት 9

አጎቴ የሚተኩሰው ልብስ ስሙ ገነነ። ደንበኛችን አስተማሪዋ «የሱሪው መስመር ዳቦ ይቆርጣል» ብላ ሄደች። ካውያው ከጠዋት እስከ ማታ እንፋሎት ይተፋል።

ምላጭ ብቅ አለ። «ከጎኔ ባቡር ጣቢያ ተከፈተ እንዴ? መስተዋቴን እኮ አላበው። ደንበኛው ራሱን ማየት አቅቶት፣ አምሮብኛል ብሎ ከፈለኝ።»

«ታዲያ ምን ጎደለብህ?» አለ አጎቴ። ድምፁ ሰለል ብሏል። ጉንፋን ይዞት ይሆን?


የካቲት 12

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። ትናንት ኮቱን የወሰደው። ከኪሱ እንቁላል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በዝግታ፣ እንደ ማስረጃ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አጎቴ አገላብጦ አየው። «እንቁላል ነው።»

«እንቁላል መሆኑንማ አወቅሁ። ኪሴ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ምርቃት ነው... ለደንበኛ።»

ፖሊሱ እጁን ሌላው ኪሱ ውስጥ ሰደደና ሁለተኛውን አወጣ። «ይሄኛውስ?»

«አንተማ የቆየህ ደንበኛ ነህ።»

ከግድግዳው ወዲያ ምላጭ ሰምቶ ኖሮ «ታዲያ እኔ ጸጉር ስቆርጥ ምን ልመርቅ፣ ድንች?» አለ።

የተሰቀሉትን ልብሶች ኪስ መፈተሽ ጀመርኩ። ከአስተማሪዋ ካፖርት፣ እንቁላል። በቅርቡ ከሚያገባው ሙሽራ ሱሪ፣ እንቁላል። ከአንዱ ጃኬት የውስጥ ኪስ ግን... ሽታው ራሱ ነው የነገረኝ። ውሃውስ? ካውያውን አየሁት። እሱም እንደ ጥፋተኛ እፍ አለ።

«ጋሼ፣ ጠርሙሱን ማነው የሚጠጣው?»

ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ታገለ።

«ጋሼ።»

«እሱም ይጠማዋል» አለ፣ ካውያውን እያየ።

ሽንትህ ምን ይመስላል አልኩት። ሻይ ይመስላል አለ። ቀጭን ነው ወፍራም? «ለእንግዳ የሚቀርብ።» ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዐይኑ ገብቷል። እንዴት አላየሁም? አጠገቡ ቆሜ ነው ያላየሁት እኮ።

ነገ እበላለሁ፣ ዐይኔን ግንባር ያርገው ብሎ ማለልኝ።


የካቲት 13

አልበላም።

ፀሐይ እንደጠለቀች የማንጎ ጭማቂ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠ። ከዚያ ላብ በላብ። ልቡ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። ሆዱን ይዞ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ፣ እትዬ በካርቶን የልብስ ሞዴል ታራግብለታለች። ስኳሩ ትንሿን ጨጓራ አልፎ አንጀቱ ላይ ባንዴ ሲወርድበት ነው።

«ይሄ ነው ስላይድ ሰባት» አልኩት።

«ስላይድ ሰባት እንዲህ ያማል አላልሽም።»

ሲሻለው ስላይዱን ከመጀመሪያው ደገምኩለት። በትዕግሥት ሰማኝ። ይሄ ትዕግሥቱ ነው የሚያስፈራኝ።


የካቲት 15

ከሆስፒታሉ ኮሪደር ነው የምጽፈው።

ሙሽራው ለመጨረሻ ልኬት መጥቶ ነበር። አጎቴ ሜትሩን በወገቡ ዙሪያ አዙሮ «ቁጥሩ ሁለት ሆነብኝ» አለ። ከዚያ ወደቀ። ሜትሩን አልለቀቀም፣ ሙሽራውም አብሮ ወረደ። ምላጭ እጁ ላይ የመላጫ አረፋ እንዳለ ሮጦ ገባ፣ ከኋላው ግማሽ ጺሙ የተላጨ ደንበኛ ተከትሎታል። ወደ ሆስፒታል ስንከንፍ ትራፊክ ፖሊሱ መንገዱን ሁሉ አስቁሞ አሳለፈን። ሙሽራው መኪና ውስጥ ሆኖ «እኔ ግን ደህና ነኝ» ይላል ደጋግሞ። ማንም አልጠየቀውም።

ሐኪሟ ደሙን አየች። ኩላሊቶቹ ደክመዋል አለች። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...» አልጨረሰችውም።

ባትጨርሰው ይሻላል።


የካቲት 16

ግሉኮሱ እየወረደለት ነው። ቀለሙ ተመለሰ። እኔ ምን ይዤ ብሄድ ጥሩ ነው? ላፕቶፑን። አልጋው ጠርዝ ላይ ከፈትኩት... ባትሪው ሞቷል። ቻርጀሩ ቤት ቀርቷል።

ክዳኑን መልሼ ከደንኩት። ስለዚህ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ግን?»

ጣሪያውን አየ። «ለቀዶ ጥገናው በጋሪ ሲገፉኝ እንዲህ በጀርባዬ ነኝ። የሚታየኝ መብራት ብቻ ነው፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው። ፈራሁ። ከዚህ በሰላም ከወጣሁ የዘንድሮን ጾም ሙሉውን፣ ጠብታ ሳልቀምስ፣ ብዬ ተሳልኩ።»

«ሆድህን ልትቀደድ እየሄድክ ጾም? ሌላ ስለት ጠፍቶ?»

«ጋሪ ላይ ተጋድሞ ማን አማርጦ ይሳላል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝም። ስለ ኩላሊት ነበር የምታወሪኝ።» የአንሶላውን ስፌት እየዳሰሰ፦ «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። ቃሌን ከምበላ እንቁላሉ ይቅርብኝ።»

ሳልስቅም ሳላለቅስም ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሁለቱንም አደረግሁ።


የካቲት 18

ቤት ገባ። ጠርሙሱን ግን አሁንም እንደ ጠላት ነው የሚያየው። መምህሩን ጠራናቸው። የደንበኛው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ። ታሪኩ ካውያው ጋ ሲደርስ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ከዚያ ጋሪ በሰላም ያወረደህ ማነው?»

«ፈጣሪ።»

«ታዲያ የሰጠህን ጤና ሰብረህ ነው ምስጋና የምትልክለት? በል ስለትህ ተፈቷል፣ ብላ።»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። «ቃሌስ? መሬት ሊወድቅ ነው?»

መምህሩ አሰቡ። አሰቡ... «ቃልህ መሬት እንዳይወድቅ ጤነኛ ሰው ያንሳልህ። አንዱ አንድ ቀን፣ ሌላው ሌላ ቀን ይጹምልህ። አንተ እየበላህ አመስግን።»

በሩ ላይ የቆመው ምላጭ ቀደመ። «ማክሰኞን ለኔ።»

«አንተማ የራስህን እየጾምክ ነው» አሉ መምህሩ። «ባንድ ቲኬት ሁለት ሰው አይሳፈርም። የማይጾም ሰው ነው የሚያስፈልገው።»

ምላጭ ጫማውን አየ። ጣሪያውን አየ። «ለነገሩ... ማክሰኞ ማክሰኞ እኔም...»

«ማክሰኞ ምን?» አለች እትዬ።

«ሥራ ይበዛል እኮ ማክሰኞ።»

«ሰፈሩን ሙሉ የምትመክረው አንተ?»

መምህሩ በርጩማው ሥር የወደቀ ነገር እንዳለ ሁሉ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።


የካቲት 21

ቀን የሚፈልግ ሰው አለመጾሙን ማመን አለበት። የስንቱ ጉድ ወጣ። አስተማሪዋ በሹክሹክታ ሁለት ሰኞ ወሰደች። ትራፊክ ፖሊሱ የዛሬውን ረቡዕ። ሙሽራው ከሠርጉ ማግስት ያለውን ቀን ጠየቀ፣ «ያን ቀን እንግዳ የሚያመጣልኝን ሁሉ እምቢ የምልበት ምክንያት ይሆነኛል» ብሎ። አጎቴ ቀን ለያዘ ሁሉ አንዳንድ የኮት ቁልፍ ይሰጣል። አንድ ሕግ አለው፦ ቀኑን የያዘ ሰው መጥቶ እሱ ሲበላ ማየት አለበት። ካላየማ በምን ያምናል?

ዛሬ ፖሊሱ ከእንቁላሉ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ዋጠው እንጂ፣ ምን ታስጨንቀኛለህ?»

«ዶክተሬ በደንብ አላምጥ ብላኛለች።»

«ይሄ ማላመጥ አይደለም፣ ስቃይ ነው። ልከስህ እችላለሁ።»

አጎቴ ሲስቅ አየሁት። ሲያላምጥም።


የካቲት 24

ምርመራ። ኩላሊቶቹ ተመልሰዋል። ቫይታሚኑንም እየዋጠ ነው፣ ካውያው ቫይታሚን አይወስድም።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። «ጾም ሲደርስ ታካሚው ሁሉ እሺ ይለናል፣ ከዚያ በአልጋ ይመጣል። ከቀዶ ጥገና በፊት ታካሚዎችን የምታነጋግሪልን ሰው ብትሆኚስ? ለሙከራ። ስላይድ አለሽ አሉ።»

«አሳጥሬዋለሁ» አልኳት። «አንድ ነው የቀረው። ‹ምን ተስለዋል?› ይላል።»

መጋቢት ሲገባ ጀምሪ አለችኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም።


የካቲት 28

ዛሬ የኔ ቀን ነበር። ጠዋት ከእትዬ ጋር ተጣላሁ፣ ረፋድ ላይ ከምላጭ ጋር፣ ከሰዓት በኋላ ከበሩ ጋር። አጎቴ ፊቴ ተቀምጦ እርጎውን በትንሿ ማንኪያ... ስንት ጊዜ ይልሳታል አንዲትን ማንኪያ? ውሃውን ፉት። ደግሞ ፉት። ጠርሙሱን ዘቅዝቆ ባዶ መሆኑን አሳየኝ። ካውያው ቀዝቃዛ ነው፣ ነክቼ አረጋገጥኩ። ሞኝ አይደለሁም ከእንግዲህ።

ሆዴ ሲጮህ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ለካ ሰው ለሌላ ሰው ሲራብ ረሀቡ አይቀልም። ግን አያሳፍርም።

የጾሙ ቀናት ሁሉ ባለቤት አገኙ፣ ከመጨረሻዋ ዓርብ በቀር። ሰፈሩ ውስጥ ያልጾመ ሰው አለቀብን። አጎቴ ቁልፏን በጣቱ እያሽከረከረ «አንዲት ቀን እኮ ናት፣ እኔው...» ማለት ሲጀምር ሦስታችንም ባንድ ድምፅ «አይሆንም» አልነው። ምላጭ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ነው አይሆንም ያለው።

ስለዚህ ለጭራሮ ጻፍኩ። የላክሁትን እዚህም ልገልብጠው፦

«ጭራሮ፣ ቶሎ እሺ ስላለው ታካሚ ያልሽው ልክ ነበር። ይኸው አመንኩልሽ፣ አትድገሚብኝ። አሁን አንዲት ዓርብ ባለቤት አጥታለች። በሕይወትሽ ቁርስ ዘለሽ እንደማታውቂ አውቃለሁ፣ የመረጥኩሽም ለዚሁ ነው። ጠዋት ላይ ለአጎቴ ትደውያለሽ፣ እሱ በስልክ እንቁላሉን እያላመጠ ያሰማሻል። እየራበሽ ትሰሚዋለሽ። ሌላ ሥራ የለውም። ትይዣታለሽ? ቁልፏ እጁ ላይ ናት፣ እስክትመልሺልኝ አያስቀምጣትም።»