ኮላው ሥር የተከልነው ኤሩ

ለውድ እህቴ ለኤባንጋ፣

እንደምን ከርመሻል? የሊብረቪል ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ያ የትከሻሽ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሣሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን። እማዬም ደኅና ናት፤ እንዲያውም የምጽፍልሽ ስለ እሷ ነው፣ ደስታዬን ለማን ላውራው ብዬ።

እግሯ እምቢ ካላት ወዲህ ያን የወጥ ቅጠሏን፣ ኤሩን፣ ለመልቀም ጫካ መውረድ እንደተወች ታውቂያለሽ። ጫካውም እኮ ሸሸን። ነጋዴዎቹ ቅጠሉን በመቀንጠስ ፈንታ ሐረጉን ከነሥሩ እየመዘዙ ጨረሱት፤ ዛሬ አንዲት እቅፍ ለማምጣት ቀኑን ሙሉ መሄድ ነው። እማዬ ደግሞ ያው እማዬ ናት። ከገበያ የገዛሁላትን ሠርቼ ሳቀርብላት፣ "ይሄ ስንት እጅ ያገላበጠው ነው፤ ራሴ ያልቆረጥኩት አይወርድልኝም" ብላ ሳህኑን ትገፋዋለች። እየከሳች ሄደች፤ ፈራሁ።

በመጨረሻ ቁራጭ ሐረግ ከጫካ አምጥቼ ልተክል ተነሣሁ። ጎረቤታችን የመንታዎቹ እናት ማኒ አግቦር አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ "አንቺ ቤሰም፣ እግዜር የተከለውን ልትተክዪ? ነገ ደግሞ ዝናብ ዝሪልን" ብላ መንደሩን አሳቀችብኝ። እኔም እንደ ካሳቫ መስሎኝ መሬቱን መንጥሬ፣ ፀሐይ ላይ ደርድሬ ተከልኩት። አንድም ሳይቀር ደረቀ።

እማዬ በረንዳ ላይ ሆና ስታየኝ ከርማ ኖሮ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! "ልጄ፣ ጫካ ውስጥ ፀሐይ የሚሞቅ ኤሩ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጥላ ስጪው፣ የሚደገፈውም ስጪው። እኔስ ያለ ምርኩዝ እቆማለሁ እንዴ?" አለችኝና ከበረንዳው ወረደች። ሌላ ቁራጭ ከጫካ አመጣሁና ከጓሯችን ኮላ ዛፍ ሥር እኔ ቆፈርኩ፣ እሷ ተከለች።

ከዚያ ወዲህ ሳትጎበኘው አትውልም። ከሁለት ወር በፊት አንድ እሑድ በገዛ ቢላዋ ቆረጠችው፤ እንደ ጥንቱ እንደ ክር አቅጥና ከትፋ አሠራችኝና ከካሳቫው ገንፎ ከፉፉው ጋር ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ማኒ አግቦርም ሽታው ጠርቷት መጣች። በልታ እጇን ስትታጠብ ቀስ ብላ፣ "እስቲ ከዚያ ከዝናብሽ ለእኔም ቁረጪልኝ" አለችኝ። አሁን የእሷም ጓሮ ውስጥ ይዟል።

አንዱን ሐረግ ግን ማንም አይነካውም። ከሁሉ በልጦ የኮላውን ቅርንጫፍ ይዟል። እማዬ ያንቺን ስም አውጥታለታለች፤ እጄን ስዘረጋ፣ "ኤባንጋን ተያት፤ ራሷ መጥታ ትቁረጠው" ትለኛለች።

ለባለቤትሽ ለኦሮክ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ትልቋን ልጅሽን ማንካን በርቺ በይልኝ፤ ትንሹን ታቢን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ማኒ አግቦርም ሰላም ብላሻለች። እማዬ ደግሞ፣ "ቅጠሉ ሳይጠነክር ነይ" ብላሻለች።

እህትሽ ቤሰም
ማምፌ፣ ሰኔ 12 ቀን 2004 እ.ኤ.አ.