የአስካለ ጥያቄ

ኮልፌ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ዛሬ እንደ ልማዱ ሰፈሩ ሁሉ በሽታ እንዳይገባ ጥራጊውን ሲያቃጥል ዋለ።

ተማሪዬ የነበረችው አስካለ የሐኪም ቤት አስታማሚ ነበረች። በጥቅምት መባቻ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ጣልያኖቹ እኛን ሠራተኞቹን ለፈንጣጣ ሊከትቡን ነው። ጓደኞቼ መርዝ ነው ብለው ሸሹ። እኔ እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ» አለችኝ።

«ሳላጣራ አልናገርም፤ ቆዪኝ» አልኋት።

«አንድ ገጽ ለማረም ሳምንት የሚፈጅብዎት ሰው!» ብላ ሳቀች።

አሥራ አንድ የተከተቡ ሰዎች ፈልጌ ስማቸውን ጻፍሁ፤ ሁለት ሳምንት ተከታተልኋቸው። ሁሉም ደህና ነበሩ። «ተከተቢ» ልላት ስሄድ ፈንጣጣው ጥሏት አገኘኋት። ትናንት ቀበርናት።

እናቷ ዛሬ፣ «ጋሼ ቆዪ ብለውኛል ትል ነበር፤ ምን እስኪሆን ነው ያቆዩብኝ?» አሉኝ። 

ስሞቹን የጻፍሁበትን ወረቀት እሳቱ ውስጥ ልጥለው አወጣሁት። መልሼ ኪሴ ከተትሁት።