የኑሩ ዓይን ቢጫ የሆነበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ገና በሩ ላይ ቆሞ «እታለም፣ ትንሽ ልተኛ» ሲለኝ ነው ያየሁት። ኑሩ ታናሼ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ መሥራት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እናታችን ገጠር ስለሆነች ሲያመው የሚመጣው እኔ ጋ፣ ሆጤ ሰፈር ነው።

ሳምንት ሙሉ ሲያተኩሰው ከርሞ ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ሄደ። ደሙን አይተው ወባ ነው ብለው ክኒን ሰጡት። እየዋጠ ያስመልሰዋል። ዛሬ ደግሞ እንደ እርድ ቢጫ።

ይሄማ ወባ አይደለም፣ የወፍ በሽታ ነው። ወፍ ደግሞ የሐኪም ነገር አይወድም፤ ወፍ ያለበት ሰው መርፌ ከተወጋ ያልቅለታል። ይህን እኛ አገር የማያውቅ የለም። የአጎታችን ልጅ መርፌ በተወጋ በማግስቱ ነው የሞተው።

ክኒኑን ተው አልኩት። «እሺ» አለ። ይሄ ልጅ ዱሮም እኔ ያልኩትን ነው የሚሰማው። ክኒኑን ከኪሱ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ ገበያ ሰፈር ያለችውን የልብስ ስፌት ሱቄን ነገ አልከፍትም። የሙሽራዋ ቀሚስ ይቆያል። እናቷ ትጮሃለች፣ ትጩህ።

ማክሰኞ

ከከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ የወፍ መድኃኒት አዋቂ ሽማግሌ ጋ ወሰድኩት። የዓይኑን ቆብ ገልጠው አዩና «ወፍ ናት፣ በጊዜ አመጣሽው» አሉኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ቅጠልና ሥር ተወቅጦ የተዘፈዘፈበትን ውሃ አንድ ኩባያ ሙሉ አጠጡት፤ የሚቀጥለውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ።

ባጃጅ ውስጥ አስመለሰው፤ አረንጓዴ ነገር። «በሽታው እየወጣልህ ነው፣ አብሽር» አልኩት። ባለባጃጁ ስለ ወንበሩ ተቆጣ። እኔም አፌን ከፈትኩበትና ዝም አሰኘሁት። በዚህ እንኳን እጄን አልሰጥም።

አመሻሽ ላይ የጠርሙሱን ግማሽ ሰጠሁት። ፊቱን አጨማዶ ጠጣው።

ረቡዕ

ሽንቱ ኮካ ኮላ መስሏል። እኔን «እማ» ይለኛል። «ማሽኑን አጥፉት፣ አጥፉት» ይላል። ደንግጬ ልብስ ሳልቀይር በታክሲ ሆስፒታል አደረስኩት። ወፍም ሆነ ሌላ፣ ቁጭ ብዬ ሲሞት አላይም።

ዶክተሯ ከእኔ ቢያንስ አሥር ዓመት ታንሳለች። ጣቱን ወግተው ስኳሩን ሲለኩ ወርዶ ተገኘ፤ ሮጣ ግሉኮስ አስመጣች። ደሙንም መረመሩት።

«ወባ ነው፤ ከባድ ወባ። ጉበቱን ነክቶታል፣ ለኩላሊቱም ያሰጋል።»

«ወፍስ?» አልኳት።

«ቢጫ መሆን ምልክት ነው እንጂ ራሱ በሽታ አይደለም። ወባው ደሙን እያፈራረሰው ነው፤ ጉበቱ ደግሞ ተዳክሞ ማጣራት አቅቶታል። መርፌውን አሁኑኑ ካልጀመርን እናጣዋለን።»

ሲወጉት ዓይኔን ጨፈንኩ። በልቤ ገደልኩት አልኩ።

ከዚያ «ባህላዊ ነገር ወስዷል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ኧረ ምንም» አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ፤ ሰው ፊት መሃይም መባልን ፈርቼ ነው።

ሐሙስ

ሳይሞት አደረ።

ትናንት ስደውልላት ያለቀሰችው እናቴ ጠዋት ደረሰች። እኔ ቤት ጓዟን አስቀምጣ ሆስፒታል መጣች። ነርሷ መርፌ ይዛ ስትመጣ አልጋውን ከልላ ቆመችባት።

«ልጄን ልትገድሉብኝ ነው? ወፍ ያለበት ሰው ይወጋል ወይ? ያረቢ!»

«እማ፣ ትናንት ተወግቶ ዛሬም አለ እኮ!»

«ያ የአጎትሽ ልጅስ? ወላሂ አላስነካውም!»

ጎትቼ ኮሪደር አወጣኋት። እናቴን ስጎትት ዕድሜዬን ሙሉ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ሁሉ አየን።

ከሰዓት ዶክተሯ ውጤት ይዛ መጣች። ወባው ከደሙ እየቀነሰ ነው፣ ጉበቱ ግን ብሶበታል። «ይሄ አልገባኝም» አለች። ሌላ የጉበት በሽታ እንዳይኖርበት ተጨማሪ ምርመራ አዘዘች። ባህላዊ ነገር ወስዶ እንደሆነ እንደገና ጠየቀችኝ፤ እንደገና ምንም አልወሰደም አልኩ። እናቴ አጠገቤ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝና ፎጣዋን ሰብሰብ አደረገች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ።

ዓርብ

የታዘዘው ምርመራ ሌላ በሽታ አላሳየም። ጉበቱ ዛሬ ደግሞ የባሰ ነው። ከአፍንጫው ደም ፈሰሰው። ዶክተሯ ወደ አዲስ አበባ ልትልከው አሰበችና «መንገዱን የሚችል አይመስለኝም» አለች።

ያን ጊዜ የጋዎኗን እጅጌ ያዝኩ።

«ዶክተር፣ ዋሽቼሻለሁ። ማክሰኞ የወፍ መድኃኒት አጠጥቼዋለሁ። የወባ ክኒኑንም ያስጣልኩት እኔ ነኝ።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ምን ያህል ጠጣ? ቅጠሉ ምን ነበር? የቀረስ አለ?» ብላ አከታትላ ጠየቀችኝ።

«ግማሽ ጠርሙስ ቤት አለ» አልኩ።

«ቤት የለም» አለች እናቴ። ከፎጣዋ ሥር አወጣችው። ባዶ ነው። «ትናንት ቤትሽ አገኘሁት። ትናንት ማምሻውንም ዛሬ ጠዋትም ነርሷ ዞር ስትል አቀመስኩት።»

ዶክተሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማማ፣ ለምን ብለው?»

«መርፌው እንዳይገድለው ብዬ ነዋ።»

እናቴን መቆጣት አልቻልኩም። ጠርሙሱን ያገኘችው እኔ ቤት ነው። ስዋሽም ሰምታኛለች፤ ከሐኪም የሚደበቅ ነገር ነው ብላ ገባት። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ በሰው ስተርት የኖርኩት ሴትዮ፣ መድኃኒቱን ደበቅኩ።

ቅዳሜ

ብዙ መጻፍ አልችልም።

ትኩሳት የለውም።
ሽንቱ ትንሽ ጠራ ብሏል።
ደም አነሰው። ከኮምቦልቻ ሁለት የሥራ ጓደኞቹ መጥተው ለገሱ።
ዓይኑ ያው ነው። አይነቃም፤ ሲጠሩት ብቻ ያቃስታል።

ዶክተሯ ከዚህ በኋላ የጉበቱ ነገር መጠበቅ ብቻ ነው አለችን። እናቴ ከትናንት ጀምሮ ምግብ አልነካችም። ሰግዳ ትነሣለች፣ እንደገና ትሰግዳለች።

ከጎናችን ልጇን ያስተኛች ሴት ጠጋ አለችና «እናንተ የወፍ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አታውቁም? ዓይኗ ቢጫ እየሆነብኝ ነው» ብላ አንሾካሾከች። እናቴ ናት የመለሰችላት።

«እናውቃለን፣ አንነግርሽም። ለዶክተሯ አሳዪያት፣ ልጄ።»

ብላ ፊቷን በፎጣዋ ሸፈነች።

እሑድ

ነቃ! «ራበኝ» አለ። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ክፍሉ የበሽተኛ መሆኑን አስባ ተወችው። አልሐምዱሊላህ።

አንድ ኩባያ አጥሚት ጨረሰ። ሥራ ስንት ቀን እንደቀረ ጠየቀ። ከዚያ ግንባሩን ቋጠር አድርጎ «የወባ ክኒን ጀምሬ አልነበር? ምን ሆኜ ነው የተውኩት?» አለ።

እናቴ ቀና አለች። ወባው አናትህ ላይ ወጥቶብህ ነው ልለው እችል ነበር፤ ያምነኛል።

«እኔ ነኝ ያስጣልኩህ። የወፍ መድኃኒትም አጠጣሁህ። ለሞት ያደረስኩህ እኔ ነኝ።»

አየኝ። አልተቆጣም፣ አይዞሽም አላለም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥቂት ቆይቶ ዶክተሯና ነርሷ መጡ። መርፌው አብቅቷል፣ ከዛሬ ጀምሮ ለሦስት ቀን የወባ ክኒን ይውጣል አሉ። ጉበቱ መመለሱን ነገ በደም ምርመራ እናያለን፣ ገና ነው አሉን። ነርሷ ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጋ ውሃ ሰጠችው።

አልዋጠውም። ዶክተሯ ፊቱ ቆማለች፣ እናቱ አጠገቡ ናት፤ እሱ ግን ያን ቢጫ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ።

«እታለም፣ ልዋጠው?»

«ዋጠው» አልኩት። ዋጠው።