ይውረድ የተባለው ሞተር

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። አንድ ሙሽራ ኮቱ ብብቱ ላይ ጠበበኝ ብሎ መጣ። ኮቱ አልጠበበም፣ ሙሽራው ነው የሰፋው። ይህን ለደንበኛ መናገር አይቻልም። «እናስተካክለዋለን» አልኩት።

ከሰዓት ሚስቴ ደወለች። ሌላ ከተማ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት የሚዘጋው የፊታችን ዓርብ ሳይሆን በሚቀጥለው ነው። ሆዷ ስምንት ወር ተኩል ሆኗል። ሐኪሙ ስድስት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ላይ እንዳትቀመጪ፣ በየሰዓቱ እየወረድሽ እግርሽን አፍታቺ ብሏታል። የትኛው አውቶቡስ ነው በየሰዓቱ የሚቆምላት?

«ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ በእናቴ መኪና መጥተህ ትወስደኛለህ።»

«እሺ» አልኩ። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድማል...

መኪናው የአማቴ ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። አማቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ስምንት ዓመት የአንድ ትራንስፖርት ድርጅት የመለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ዕቃን በስሙ፣ በቁጥሩ፣ በመደርደሪያው ያውቁታል። ሰውንም እንደዚያው ይመድባሉ። እኔ ያለሁት «ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ዕቃ» የሚለው መደርደሪያ ላይ ይመስለኛል። ልጃቸውን ካገባሁ አራት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ «ልብስ ሰፊው» ነኝ።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

ሸራው ተገፈፈ። መኪናው ተነሳ። ለሙከራ እስከ ገበያው ነዳሁት፣ አማቴ ከጎኔ። ስንመለስ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ... ቀዩ ላይ ደርሶ ተለጠፈ። ከኮፈኑ ስር እንፋሎት።

«ምን አደረግኸው?»

«ነዳሁት።»

«ሌላስ?»

ሌላ ምን ላደርገው እችላለሁ? ልስፋው?

እስኪበርድ ጠበቅን፣ ግን መልሶ አልነሳ አለ። እኔ ገፋሁ፣ እሳቸው መሪ ያዙ። ቁልቁለቱ ላይ ጥለውኝ ሄዱ። ዞር ብለው እንኳን አላዩኝም።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ጎረቤታችን መካኒኩ መጣ። በልቤ «ይውረድ» ነው የምለው፣ ምንም ቢነግሩት «ሞተሩ ይውረድ» ስለሚል። ዛሬም ኮፈኑ ሳይከፈት አለው።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አልኩት።

«ሦስት ሳምንት።»

በሦስት ሳምንትማ ልጁ ተወልዶ አብሮኝ ይገፋል።

አማቴ ከበረንዳው ሆነው «አንተ፣ ሐኪም ብትሆን ኖሮ ጉንፋን የያዘውን ሁሉ ትቀድ ነበር» አሉት። ከይውረድ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር እየተነጋገሩ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ሁለቴ አየሁ።

የባትሪውን ገመድ አጥብቆልን ሄደ። ቢያንስ ይነሳል።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ጠዋት ሱቁን ዘግቼ ቀረሁ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ አስነሳነው። ጎንበስ ስል አማቴ ኮሌታዬን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ።

«ሜትርህን ከአንገትህ አውልቅ። የሚሽከረከረው ቺንጋ ላይ ተጠምጥመህ ልጄን መበለት ልታደርጋት ነው?»

አወለቅሁ። ለእኔ አዝነው ይሆን ለልጃቸው... ግልጽ ነው።

መርፌው ወጣ። ቀዩ ጋ ሊደርስ ሲል «ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን፣ ላይኛውን ቱቦ ንካ» አሉኝ። ቀስ ብዬ ነካሁት።

«እ?»

«ለብ እንኳን አላለም።»

«ሞተሩስ?»

ሞተሩን መንካት አላስፈለገኝም። ሙቀቱ ፊቴ ላይ ይነፍስ ነበር።

«አጥፋው። ውሃው አይዞርም» አሉ። ከዚያ እንደ መጋዘን ዝርዝር ነገሩኝ። ቴርሞስታት የሚባል በር አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ይዘጋል፣ ውሃው ሲሞቅ ከፍቶ ወደ ራዲያተር ይለቀዋል፣ እዚያ በርዶ ይመለሳል። የእኛው በር ተዘግቶ ቀርቷል። ውሃው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይፈላል።

ይውረድ በአጥሩ ላይ ሆኖ ሰማ። «አውጥታችሁ ጣሉት። ያለ እሱም ይሄዳል።»

«አንተም ያለ ጭንቅላት ትሄዳለህ» አሉት አማቴ።

ይችን ሴት መውደድ ልጀምር ነው መሰለኝ። ያስፈራል።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ

ፈታሁት። አማቴ ስም ይጠራሉ፣ እኔ እፈታለሁ። እሳቸው የሁሉንም ስም ያውቃሉ፣ አንዱንም በእጃቸው ፈትተው አያውቁም። እኔ እጅ አለኝ፣ ስም የለኝም። ሁለት ብሎን ብቻ ነው። አንደኛው ዝጎ ግማሽ ቀን ፈጀ። ክዳኑ ሲነሳ ስፕሪንግ ያለው፣ የመዳብ ክብ ነገር ብቅ አለ። ለዚህች ነው ይህ ሁሉ? ከኮት ቁልፍ ብዙም አትበልጥም።

«ትቀቀል፣ ስትሞቅ ከከፈተች እንይ» አሉ።

በክር አሰርኳትና ድስቱ ውስጥ አንጠለጠልኳት፣ የድስቱን ታች እንዳትነካ። ውሃው ፈላ። ቆመን አየናት። እንቁላል ብትሆን በስላ ነበር። ጭራሽ አልተነቃነቀችም።

በመሃል ሚስቴ ደወለች።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ቴርሞስታት እየቀቀልን።»

ቀስ ብላ «እማዬ ደህና ናት?»

ሰኔ 17፣ ሰኞ

አዲሱን አማቴ ራሳቸው ሄደው አመጡ። ሻጩ መጀመሪያ የሌላ መኪና ሰጥቷቸው ነበር አሉ። ሳዝንለት ዋልኩ።

አዲሱንም ቀቀልነው። ውሃው ሊፈላ ሲል አፉን ከፈተ። ሁለታችንም አብረን «እህ» አልን።

ግን ውሃ እንዳያፈስ ክዳኑ ስር የሚገባው ወረቀት፣ ጋስኬቱ፣ አብሮ አልመጣም። አሮጌው ስንፈታው ተቀዳዷል። አማቴ ከጓዳ የጋስኬት ወረቀት አወጡ፣ ድርጅቱ ሲሸኛቸው የሰጣቸው ይሁን ሌላ አልጠየቅሁም። ክዳኑን አስቀምጬ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመርኩ፣ በመቀሴ ቆረጥኩ፣ የብሎኖቹን ቀዳዳ በትንሿ መቀስ አወጣሁ። በዚህ መኪና ላይ እጄ የሚያውቀው ሥራ ይህ ብቻ ነው። አማቴ ክዳኑ ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት።

«ይሆናል» አሉ።

ሚስቴ እንደነገረችኝ ዲግሪዋን ይዛ የመጣች ቀንም ያሏት ይህንኑ ነው።

ስገጥም ስፕሪንጉን ወደ ሞተሩ አድርጌ ያዝኩት። አሮጌው እንዲያ የነበረ መስሎኝ።

«ገልብጠው። ስፕሪንጉ ወደ ውጭ ነው።»

«ስንፈታው ግን...»

«ሃያ ስምንት ዓመት!»

ገለበጥኩት።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

መርፌው እንደገና ቀይ። ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ፣ ያው ቀይ።

ይውረድ በአጥሩ ላይ ብቅ ሲል አፉን ከመክፈቱ በፊት «እንዳትለው» አልኩት። አለው።

አማቴ ክፍላቸው ገብተው ዘጉ። ቆይቼ አንኳኳሁ።

«ራሴን አሞኛል።»

ገባኝ። እሳቸውም ገብቷቸዋል። መጋዘን ውስጥ ዕቃው በካርቶን ይገባል፣ በካርቶን ይወጣል። በየት በኩል እንደሚገጠም ማን ነግሯቸው ያውቃል? እኔ ደግሞ እንዲህ ያለችውን ቀን አራት ዓመት ስጠብቃት ነበር። የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ አስቀምጫለሁ፣ በቅደም ተከተል... በሩ ላይ ቆሜ አንዱም አልመጣልኝ አለ። በሩ ስር ጫማቸው ይታየኛል። አልተኙም። ቆመዋል።

«እማማ፣ ጋስኬቱን አሳስቼ ሳልቆርጠው አልቀረሁም። ልፈታው ነው። ቁልፍ ያቀብሉኝ።»

በሩን ከፍተው ወጡ።

አሥር ቁጥር ቁልፍ አቀበሉኝ። ፈታሁ። ስፕሪንጉን ወደ ውስጥ ገለበጥኩ። አዩ። ማየታቸውን አየሁ። ሁለታችንም ስለ ጋስኬቱ ብቻ አወራን።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ውሃ ሞላን። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሳን፣ አየሩ እስኪወጣ። ብቅ ብቅ አለ፣ ከዚያ ተወው። ከደንነው። መርፌው መሃል ላይ ደረሰ። እንደገና ቆመን ጠበቅን። አማቴ መዳፋቸውን ላይኛው ቱቦ ላይ አደረጉ። ድንገት ሳብ አደረጉት።

«ዞረ» አሉ።

መርፌው መሃል ላይ ቀረ። አንድ ሰዓት አየሁት። አንድ ሰዓት መርፌ ሳይ የዋልኩ ልብስ ሰፊ... ሥራዬ ነው ለካ።

ሙሽራው ኮቱን ሊወስድ መጣ። አልደረስኩም። የዓርብ ሰርግ ነው። ዛሬ እሱም አይተኛም፣ እኔም።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ኮቱ ደረሰ። ሙሽራው እስከ ነገ ካልበላ ይቆለፋል።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ

ማልደን ሄድን። አማቴ ልቅር ይላሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፣ ከእኔ ቀድመው መኪናው ውስጥ ተገኙ። መንገዱን አላዩም። ስድስት ሰዓት ሙሉ መርፌውን አዩ። ዳገቱ ላይ እኔም ሰርቄ አየሁት። ከመሃል ንቅንቅ አላለም።

ሚስቴ በር ላይ ሦስት ሻንጣ ይዛ ቆማለች። ከፊት ሆዷ፣ ከኋላ እሷ። የኋላውን ወንበር ሙሉ ሰጠናት። እንደወጣን መጠየቅ ጀመረች።

«በቃ ሁለታችሁ ብቻ ሠራችሁት? ሳትጣሉ?»

«አንዴ ብቻ ተበላሸብን» አልኩ። «ቴርሞስታቱን ገልብጬ ገጥሜው ነበር።»

መንገዱ ላይ አተኩሬ ነዳሁ። አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሱ አይደለም» አሉ። «እሱ በትክክል ይዞት ነበር። ገልብጠው ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አይ እማማ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል። ገልብጠው አልኩህ። ሃያ ስምንት ዓመት ብዬም ጮህኩብህ።»

«ጋስኬቱም ትንሽ...»

«ጋስኬቱ ምንም አልነበረውም! እንደዚያ ያለ ጋስኬት በመጋዘኔ ገብቶ አያውቅም።»

ጭቅጭቁ ጦፈ። ማን እንዳበላሸው እየተሻማን ነው። በመስታወቱ ሚስቴን አየኋት። አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን እያየች አፏን በእጇ ይዛለች።

«እናንተ ሰዎች ምን ነክቷችሁ ነው?» አለችና ሳቁ አመለጣት። ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ «ኧረ አቁምልኝ፣ ሽንቴ ነው!»

ዳር ይዤ አቆምኩ። እናቷ ደግፈው ወደ ቁጥቋጦው ወሰዷት። ቀትር ነው፣ ፀሐይ ታቃጥላለች። ረጅም ጊዜ ቆዩ፣ ሳቃቸው ይሰማል፣ የሁለቱም።

መርፌውን አየሁ፣ መሃል ላይ ነው። ሞተሩን አላጠፋሁትም።