«አላበላትም» ብሎ መፈረም

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

አፌን ይዞኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ተገላግዬ ነበር።

ሁሉንም ነገር አሟልቼ ነው የሄድኩት። ከዊኒፔግ የመጣው ደብዳቤ፣ የኔና የልጄ የቤዛ ወረቀት፣ ያስጠጉን የእትዬ ብርቄ አድራሻ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከዊኒፔግ ወደዚህ ስመጣ ሞኝ ነበርኩ። አገሩ አንድ ካናዳ ስለሆነ የእርዳታ ፋይሌ እንደ ሻንጣዬ ተከትሎኝ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ክፍለ ሀገር በተቀየረ ቁጥር እዚያ ያለው የመንግሥት እርዳታ ይዘጋል፣ እዚህ ደግሞ እንደ አዲስ ይለመናል። እሺ፣ አዘጋሁት። መዘጋቱን የሚገልጸው ደብዳቤም መጣልኝ። ዛሬ እርዳታው የሚለመንበት የዌልፌር ቢሮ ቀጠሮዬ ነበር።

ጉዳዬን የያዘው የቢሮው ዎርከር መነጽራም፣ ትሁት ሰውዬ ነው። ትህትናው ነው የሚያናድደኝ። ሲጠይቀኝ ስመልስ፣ ሲጠይቀኝ ስመልስ ቆይተን «እዚያ ቤት ምግብ የምትበሉት ለየብቻ ነው ወይስ በጋራ?» አለኝ።

እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ፦ «አብረን ነው እንጂ። እትዬ ብርቄ እኛ ሳንቀርብ ማዕድ አይነሳም። እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ።»

ብዙ ጻፈ። የተደነቀ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ጠበቅሁት። ቀና ብሎ «እንግዲያው ምግብ ይቀርብልሻል ማለት ነው። ከእርዳታው የምግቡ ድርሻ አንቺን አይመለከትም» አለኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። እንዲያ አይደለም ብል፣ ብዘረዝር፣ ማን ሰምቶኝ። የሰጠኝ መፍትሔ አንድ ወረቀት ነው። ባለቤቲቱ ለነዚህ ሰዎች ምግብ አላቀርብም ብለው ይፈርሙ አለ። እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ካልመጣ በተጻፈው ይወሰናል።

በአገራችን ማንም ሰው ካስጠጋው ሰው ተነጥሎ ለብቻዬ ነው የምበላው አይልም። ብሎ ቢገኝ እናቱ ታፍራለች። እዚህ ያስቀጣል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ወረቀቱ ቀኑን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ሲያቃጥለኝ ዋለ።

እትዬ ብርቄ ናዝሬት የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። ካናዳ ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፣ የሆቴል አንሶላ ያጥባሉ። የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ተዘግቶ ዊኒፔግ ላይ ቤት ስቀመጥ ስልክ ደውለው «ምን ትሠሪያለሽ እዚያ በረዶ ውስጥ፣ ነይ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ነው። እኔና ቤዛ ሳሎን እንተኛለን።

አሥር ሰዓት ላይ ገቡ። ምሳ አቀረብኩ። እንደ ወትሮው «እኔ ሥራ ቦታ በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ» አሉ። ሻይ ይዘው አጠገባችን ተቀመጡ። ቤዛ በልታ ስትነሳ ወረቀቱን አወጣሁ።

መነጽራቸውን አደረጉ። «ምን ይላል?»

ተረጎምኩት። «እኔ ብርቄ፣ ሰናይትንና ልጇን አላበላም።»

ሻዩን አስቀመጡ።

«ማነው ይህን የጻፈው?»

«መንግሥት።»

«እናት የለውም?» አሉ። ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ገፋ አደረጉት። «እጄ ይቆረጥ እንጂ አልፈርምም። ነገ አገር ቤት እናትሽ ብትሰማ፣ ብርቄ ልጄን አላበላኋትም ብላ ፈረመች ልትል ነው።»

«እናቴን ማን ይነግራታል፣ እትዬ?»

«ወረቀት ይናገራል።»

ተናድጄ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ውሃ ከፍቼ ተሳደብኩ። ማንን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉንም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

አልፈርምም ካሉ እኔ እውነት አደርገዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለየብቻ ነው የምንበላው። ያኔ ፊርማው ውሸት አይሆንም፣ እሳቸውም አይሳቀቁም።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወዳለው ፉድ ባንክ፣ ምግብ በነጻ ወደሚታደልበት ሄድኩ። እዚያ የጠየቁኝ የፖስታ ኮዴንና ስንት ሰው እንደሆንን ብቻ ነው። ከማን ጋር ትበያለሽ ያለኝ የለም። በወር አንዴ ብቻ ነው የሚሰጡት እንጂ ሰዎቹስ ይባረኩ። ያመጣሁት፦

ፓስታ ሁለት
ቱና ሦስት ጣሳ
የኦቾሎኒ ቅቤ
ምስር በጣሳ
ሩዝ
የሆነ ቀይ፣ የሚንቀጠቀጥ ጄሊ በጣሳ። ምን እንደሚደረግበት እግዜር ይወቅ።

ፍሪጁን ለሁለት ከፈልኩ። የታችኛው መደርደሪያ የኔ፣ የላይኛው የሳቸው። ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ስማችንን ጻፍኩ። ቤዛን ለብቻዋ በሳህን አበላኋት። «እማዬ ተጣልታችሁ ነው?» አለችኝ። አይደለም፣ ሕግ ነው አልኳት። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሕግ አይገባትም። ለኔስ መቼ ገባኝ።

እትዬ ብርቄ መጡ። ፍሪጁን ከፈቱ። ፕላስተሩን አነበቡ። መልሰው ዘጉት።

ማታ ውሃ ልጠጣ ስከፍተው የሳቸው ምስር ወጥ፣ የሳቸው ዳቦ፣ የሳቸው ቲማቲም ሁሉ ወደኔ መደርደሪያ ወርዷል። የላይኛው ባዶውን ቀርቷል። ስማቸው ያለበትን ፕላስተር ግን አልነቀሉትም። በባዶው ላይ ተለጥፎ ተቀምጧል።

እልኸኛ ነኝ ስል እትዬም እልህን ካስተማሩኝ ሰዎች ሰፈር መሆናቸውን ረስቼ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ዛሬ ሃሎዊን ነው፣ ልጆች አስፈሪ ልብስ ለብሰው ከቤት ቤት ከረሜላ የሚለምኑበት የፈረንጅ በዓል። የልብስ መግዣ የለኝም። ቤዛ የእትዬ ብርቄን ነጠላ ከራስዋ እስከ እግርዋ ተከናንባ መንፈስ ነኝ አለች። የትራስ ልብስ ይዛ ከሕንጻው ልጆች ጋር ከፎቅ ፎቅ ስትዞር እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

ልብ ብዬ ሳየው ገረመኝ። የሰው በር ያንኳኳሉ፣ ስጡን ይላሉ፣ ይሰጣቸዋል። ማንም ሰው ደብዳቤ አምጡ፣ አስፈርሙ አላላቸውም። እንዲያውም አንዷ ፈረንጅ አሮጊት «አንድ ብቻ? ጨምሪ እንጂ» አለቻት። ልመና እንዲህ በዓል የሚሆንበት አገር ውስጥ እኔ ለምን እሸማቀቃለሁ?

ቤት ስንገባ ቤዛ ከረሜላውን ምንጣፉ ላይ ዘርግፋ ሦስት ቦታ ከፈለችው። «የኔ፣ የእማዬ፣ የእትዬ።» የኔን ፕላስተር ከምንም አልቆጠረችውም።

እትዬ ብርቄ ቆመው ነበር። አንድ ቸኮሌት ላጡ። ሌላ ላጡ። ሁለተኛውን ሳይውጡ ሦስተኛውን ላጡ። ስኳር እኮ አይወዱም፣ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት።

ለካ ይህቺ ሴትዮ ርቧታል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተያያዘልኝ። የመጣን ሰሞን ራሳቸው ናቸው «እዚያ ሆቴል ለኛ ለአጣቢዎች ሻይ እንኳ አይሰጡም፣ ምሳችንን ከቤት ነው የምንይዘው» ያሉኝ። ተነስቼ የኩሽናውን ቁም ሳጥን ከፈትኩ። የምሳ ዕቃቸው ከላይ፣ ከድስቶቹ ጀርባ ተቀምጧል። በጣቴ ነካሁት፣ አቧራ ይዟል። እኛ ከመጣን ወዲህ ምሳ ይዘው አልወጡም ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሥራ ቦታ በልቻለሁ።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ስንጣላ ነው ያመሸነው።

ከሥራ ሲገቡ የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኋቸው። «ይኼ ምንድነው እትዬ?»

«የምሳ ዕቃ ነዋ።»

«አቧራ የለበሰ የምሳ ዕቃ።»

ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ሁለተኛውን ሳያወልቁ «እንግዳ እያለ ባለቤት ባይበላ ምን ነውር አለው?» አሉ። «ለኔ የሚበቃው ለናንተ በቃ። አለቀ።»

«አላለቀም። ይህን ነው ለቢሮው የምንነግረው።»

«ገበናዬን ለፈረንጅ? አጥታ ታበላለች እንዲሉኝ?»

«አላበላም ብለው መፈረም ነውር፣ ራበኝ ማለትም ነውር። እንግዲያው ሻንጣዬን ይዤ የቤት አልባዎቹ ሼልተር እገባለሁ።» ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። እናቴ ላይ እንኳ እንዲህ ጮኼ አላውቅም።

«እኔ ሞቼ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም? እዚህ ቤት ሃያ ዓመት ብቻዬን በልቻለሁ። እናንተ ከመጣችሁ ነው ምግብ የጣመኝ።»

«ሳይበሉት እንዴት ጣመዎት?»

ያልኩት ጸጸተኝ፣ ግን አልመለስኩትም። እትዬ መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ፕላስተሩን ነቅዬ ጣልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

በጠዋት ቀሰቀሱኝ። መነጽራቸውን አድርገዋል። የቢሮውን ወረቀት አልነኩትም፣ ባለ መስመር ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ በአማርኛ ጽፈዋል። ቃል በቃል እዚህ ልገልብጠው።

«ለሚመለከተው ሁሉ። ሰናይትና ልጇ ቤቴ ከገቡ ጀምሮ አብረን ነው የምንበላው። አላበላኋቸውም ብዬ አልፈርምም፣ ውሸት ነው። ነገር ግን የማበላቸው ተርፎኝ አይደለም። የሰጠኋቸው የራሴን ድርሻ ነው። ሥራ ቦታ በልቻለሁ እያልኩ ብዙ ቀን ሳልበላ አድሬአለሁ። ልጅቷ ግን ሁልጊዜ በልታ ነው የተኛችው። ከዚህ በላይ አቅም የለኝም። እናንተ አቅም ካላችሁ እርዷት። ብርቄ።»

«ተርጉሚው» አሉኝ። «አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ።»

አልቅሼ ስጨርስ ጀመርኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ትርጉሙ አለቀ። «አብረን ነው የምንበላው» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ያንን ዓረፍተ ነገር ብተወው ማን ያውቃል? ደብዳቤው እንደሆነ አማርኛ ነው።

አልተውኩትም። ጻፍኩት፣ ከሥሩም አሰመርኩበት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ዎርከሩ ሁለቱንም ወረቀት አገላበጠና «ይኼ እኮ ፎርሙ አይደለም» አለ።

በእንግሊዝኛ እንዲህ እንደምናገር አላውቅም ነበር። «ፎርማችሁ ላይ ያለው ሁለት ሳጥን ነው፣ ታበላለች፣ አታበላም። ሳትበላ የምታበላ ሴት የቱ ጋ ነው ምልክት የምታደርገው? አሳየኝ፣ አሁን አስፈርሜ አመጣለሁ» አልኩት።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ። ለአለቃዬ ላሳይ ብሎ ሄደ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ አልኩ።

አለቃዋ ራሷ መጣች፣ ሸምገል ያለች ጥቁር ሴት። «የምግቡ ድርሻ ቢፈቀድልሽ የራስሽን ምግብ ትገዣለሽ?»

«እገዛለሁ።»

«ለብቻሽ ትበያለሽ?»

ገደሉ እዚህ ነበር። ያለፈው ሰኞ ሳላውቅ ገባሁበት። ዛሬ ግን እያወቅሁ ነው።

«አልበላም» አልኳት። «እኔ ገዝቼ ሴትዮዋን ላበላ ነው የምፈልገው። ለየብቻ ብሉ ካላችሁኝ ይቅርብኝ።»

ነገ እንደውላለን ብላ ሄደች። እስከ ሳብዌዩ፣ እስከ ምድር ውስጥ ባቡሩ ድረስ ራሴን ስረግም ሄድኩ። ይቅርብኝ ብሎ ነገር አለ እንዴ? በማን አቅም? ግን ደግሞ ሌላ ምን ልል ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እሱ ነው፣ መነጽራሙ። የምግቡ ድርሻ ተፈቅዷል። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይታያል። ቼኩ እስኪደርስ የአስቤዛ መግዣ ኩፖን ነይ ውሰጂ አለኝ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል «ሴትዮዋን ሰላም በይልኝ» አለ። ለካ ሰው ነው።

ሦስት ወር ምን እንደሚያመጣ አላውቅም። እስከዚያ ሥራ አገኝ ይሆናል፣ አላገኝም ይሆናል። ዛሬ ግን ገበያ ወጣሁ። የዶሮ ጭን፣ ሽንኩርት አንድ ከረጢት፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ እንጀራ፣ ለቤዛ ወተት። ለእትዬ ብርቄ ክዳኑ የሚገጥም አዲስ የምሳ ዕቃ ልገዛ አሰብኩና ተውኩት፣ የድሮውን አጠብኩት።

አሥር ሰዓት ላይ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ትሪ ነው ያለው። ቤዛ እጇን ታጥባ ተቀምጣለች። ጫማቸውን አወለቁ፣ ኮታቸውን ሰቀሉ።

«እኔ እንኳ ሥራ ቦታ በል...» አሉና አቆሙ። ልማድ ሆኖባቸው ነው።

«ቁጭ ይበሉ፣ እትዬ» አልኩ።

ተቀመጡ። በሉ። ሳይጠይቁኝ ሁለቴ ጨመርኩላቸው፣ እምቢ አላሉም።